ዳንቴል የለበሰው ስልክ

ሩሐማ ካቻቢቴዋን ሳታነሳ ፍርዷን ሰጥታ ነበር። «ባትሪው ሞቷል፣ እትዬ። እንዲህ ያለ ስልክ እኮ ዛሬ ሙዚየምም አይቀበለው።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ አልሳቁም። «አንቺ ብቻ ክፈችው። ልጄ ይደውላል፤ የታመመው ስልኩ ነው።»

ልጃቸው ይትባረክ ሥራው ሐዋሳ ነው። እናቱ ሞባይል አሻፈረኝ ስላሉ የሚያገኛቸው በቤቱ ሽቦ አልባ ስልክ ብቻ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ስልኩ ጭጭ ብሏል። ዓባይ ማዶ ያለው ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ የሚኖሩበት ግን እሳቸው ከነዝምታቸው፣ ተከራያቸው ሩሐማ ከነምላሷ፣ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሩሐማ የጥገና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የተጣለ ራዲዮ እየፈታች፣ እያበላሸች፣ መልሳ እየገጠመች ነው የተማረችው፤ ይህንንም የጠየቃትም ያልጠየቃትም እንዲያውቅላት ትፈልጋለች።

የስልኩን እጀታ ገልብጣ ብሎኖቹን ፈታች። ሽፋኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ ስትከፍተው አቧራው ቡን አለ። አረንጓዴው ቦርድ ላይ ዝገት የለም፤ የተበጠሰ ሽቦም የለም። ባትሪውን አውጥታ ስትለካው ባዶ ነው፤ በራሷ ቻርጀር ጥቂት ስታቆየው ግን መሙላት ጀመረ። አልሞተም ማለት ነው። አናደዳት፤ ፍርዷ ሲሻር አትወድም።

ከዚያ ከእጀታው ግርጌ፣ ከመቀመጫው ኃይል የሚቀበሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ሥር፣ የተሰነቀረ ነጭ ክር አየች። ቀና ብላ መቀመጫውን ተመለከተች። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ለፋሲካ ቤት ሲያሰናዱ፣ ለቴሌቪዥኑና ለሶፋው እንዳደረጉት ሁሉ፣ ለስልኩም በኪሮሽ የሠሩትን ዳንቴል አልብሰውታል። እጀታው የሚተኛው ዳንቴሉ ላይ ነው፤ ብረቱ ከብረት ሳይነካካ ከረመ።

«ጉድ ነዎት፣ እትዬ። አፉን በዳንቴል ሸፍነው ብላ ይሉታል?»

ወይዘሮዋ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «እንግዲያ ልጄ ሲደውል ኖሯላ። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

መልሱ ሩሐማ አፍ ድረስ መጣ። ይትባረክ የእሷም ቁጥር አለው። አንድ ቀን እንኳ «እናቴ ምነው ስልክ አታነሳም?» ብሎ አልጠየቃትም። ዋጠችው፤ ዳንቴሉን ከመቀመጫው ላይ ገፍፋ ባትሪውን ወደ ቻርጀሯ መለሰች።

ወደ ማታ ባትሪው ሲሞላ እጀታውን መልሳ ገጠመችው። ልትሞክረው በሞባይሏ እንደምትደውል ነግራቸው ወደ በረንዳው ወጣች። ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቅዟል። ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ አንዱን ጥሪ ሳይጨርስ ተነሣ።

«ይትባረክ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እሞክረዋለሁ ብዬዎት አልነበር።»

ወይዘሮዋ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ተሰማት።

«ያንቺን ቁጥር እኮ ሰጥቼው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ለክፉ ቀን ያዘው ብዬ።»

ሩሐማ ልትዘጋው ጣቷን አነሣች።

«አትዝጊው። ምሳ ምን በላሽ?»

«ሽሮ።»

«ውሸታም። ቀኑን ሙሉ እዚህ ስልክ ስትፈቺ አልነበር የዋልሽው።»

ሩሐማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለመጨረሻ ጊዜ ምሳ ምን በላሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ማን እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። በመስኮቱ ሴትዮዋ ይታዩዋታል፤ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«አልበላሁም» አለች።

«እኔም አልበላሁ» አሉ፤ ስልኩንም አላስቀመጡትም።