እማማ ጉንሂልድ ከነቤታቸው የተጓዙ ዕለት

የባቡር ሐዲዱ የስቶርዳልን ከተማ ወደ ጎን ትቶ በደቡቡ ሜዳ ሲያልፍ፣ ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ስንዴውን ታቅፎ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። ስቶርዳል ግን በአሜሪካዋ ዳኮታ፣ ኧረ ምን ዳኮታ ብቻ፣ ከፀሐይ በታች አቻ የላትም! የብርዱ ወራት መሬቱን ድንጋይ ሲያደርገው፣ ቤቶቿን አንድ በአንድ ከመሠረታቸው ነቅላ ግንድ ላይ ጫነችና በፈረስ እየጎተተች ወደ ሐዲዱ ወሰደች። ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። መጠጥ ቤቱም እየተጎተተ፣ እየሸጠ ሄደ።

የእማማ ጉንሂልድ ቤት ብቻ ቀረች። የአገሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ የአንጥረኛው የቶርቫልድ ሚስት ደግሞ ወሯ ገብቷል። አዋላጇ ወዲህ ቀርተው፣ በዚያ በረዶ ማን ይደርስላታል?

"እማማ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይነሱ!" አለ ቶርቫልድ በራቸው ላይ ቆሞ።

"ምድጃዬን አጥፍቼ የትም አልሄድም።"

"ማን አጥፉ አለዎት? ከነእሳቱ ነው የምወስድዎት!"

"ጉረኛ! አባትህም እንዲህ ነበር። በል፣ ምድጃው ውስጥ ኬክ ከትቻለሁ። መንገድ ላይ ከሟሸሸ ቤቴን ወደዚሁ ትመልሳታለህ።"

"የፀጉር ያህል ዝቅ ቢል ጢሜን ይላጩኝ!"

ቶርቫልድ የወረዳውን ፈረስ ሁሉ ጠመደ። ቤቷ ጭሷን እያትጎለጎለች በበረዶው ላይ እንደ መርከብ ተንሳፈፈች። አንድ ወንዝ ዳር ቁልቁለት ላይ ግን ገመድ ተበጠሰና ዘመም አለች። ያኔ ስቶርዳል ማንነቷን አሳየች። ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡት የከተማዋ ጀርመኖችና ኖርዌጂያኖች ተጋፍተው ትከሻቸውን ከግድግዳው ሥር አስገቡ። ቄሱና መጠጥ ሻጩ ጎን ለጎን አቃሰቱ።

"ይግፉ እንጂ፣ ስብከት መሰለዎት?"

"አንተ ራስህ ግፋ፣ በርሜል መሰለህ?"

ቤቷ ቀና አለች። ዓለም ሙሉ ቢሰበሰብ እንኳ እንዲህ አድርጎ አያቀናትም!

ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ እማማ ጉንሂልድ የምድጃውን በር ከፈቱ። ኬኩ እንደ ተረገጠ ባርኔጣ ተለጥፏል። ቶርቫልድ አመድ መሰለ። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ያ ሁሉ ሰው ትከሻው በረዶ ለብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

"ምን ይገትራችኋል? ቂጣ ነው የጋገርኩት፤ ግቡና ብሉ!"

"ኬክ ነው አላሉም እንዴ?" አለ ቶርቫልድ።

"ቂጣ ነው አልኩህ! ይልቅ ሚስትህን አምጣና ሆዷን ልየው።"

ቶርቫልድ ሲሮጥ ባቡር እንኳ አይደርስበትም ነበር።