የእኩሎች ተራ

«ተራ ስንት ነው የሚሸጠው? ንገሩንና እኛም እንግዛ እንጂ» አለ አንድ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰውዬ ከመጠበቂያው አዳራሽ መሃል፤ ሰዉም አጉረመረመ።

ናሊኒ መስኮቷ ውስጥ ሆና ሰማችው። ሕንድ ውስጥ ሳንግሊ ከተማ ባለው በዚህ የበጎ አድራጎት የዓይን ክሊኒክ ፀጉሯ እስኪሸብት ሕመምተኛ መዝግባለች። ብዙ ስድብ ችላለች፤ ጉቦ በላሽ ተብላ ግን አታውቅም። ዛሬ ከንጋት በፊት የመጡት ቁጭ ብለው፣ በረፋዱ አውቶቡስ የወረዱት እየተጠሩ ይገባሉ። ስም የሚጠራው ስክሪኑ ነው፤ ሰው ግን ስክሪን አይሳደብም፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ነው የሚሳደበው። ስልኳን አንሥታ ልጇ ዘንድ ደወለች።

«ሻርቫሪ፣ የሠራሽልን ነገር ዛሬ ሊያዋርደኝ ነው። ቶሎ ነይ።»

ሻርቫሪ የፊት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስኩተሯን አስነሥታ መጣች። የተራ ማስጠበቂያውን ፕሮግራም የሠራችው ተማሪ ሳለች ነው። ነርሷ ለሕመምተኛው ቀይ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ትሰጠዋለች፤ ፕሮግራሙ የባሰበትን ያስቀድማል፤ እኩል የታመሙት ደግሞ እንደ አመጣጣቸው ይገባሉ። እስከ ትናንት ድረስ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም።

አሁን ቤቷ ሆና ፑኔ ከተማ ላለ ድርጅት ፕሮግራም ትጽፋለች። ትርፍ ጊዜዋን የምታውለው ግን ለምትጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያለ ደመወዝ። ይህ መጽሐፍ ያለበት ቤት አይደለም። ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ለመደርደር፣ ለመቁጠር፣ ቀን ለማስላት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥራ ነው። እንደ መንደር ወፍጮ ሁሉም ይጠቀምበታል፤ ማን እንደተከለው ግን የሚጠይቅ የለም። ሻርቫሪ የዚህን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ ማለትም ዝርዝርን በቅደም ተከተል የሚያሰልፈውን ክፍል፣ እንደገና ጽፋ እጅግ አፍጥናዋለች። የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂዎች፣ ለውጡን የሚያጸድቁት ባለሙያዎች፣ መርምረው ተቀብለውላታል። በሙከራው እትም ገብቷል፤ ዓርብ ዋናው እትም ሲወጣ እሷንም ከጠባቂዎቹ አንዷ ለማድረግ ድምፅ ሊሰጡ ነው። ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ነበር የሰነበተው።

ታዲያ እስከ ዓርብ መታገሥ አቃታትና ትናንት ማታ የሙከራውን እትም የክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። የእጇ ሥራ ከሁሉ በፊት እናቷ ዘንድ እንዲሮጥ ፈለገች። የዚህ ሙያ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ወጡ ሳይበስል ለቤተሰብ ያቀምሳሉ።

በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት የሳሪ ልብሳቸውን ጫፍ ከዓይናቸው ላይ አንሥተው አዩዋት። ታራባይ ይባላሉ።

«ማሽኑን ያስተማርሽው አንቺ ነሽ አሉ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው አስተዳደጉን አልቻልሽበትም። ያ ባለ ጃኬት ቁርሱ ከጢሙ ላይ ሳይራገፍ ሲገባ እኔ እዚህ ወፍ ሳይንጫጫ ነው የመጣሁት።»

ሻርቫሪ ስክሪኑን ስታይ ነገሩ ወዲያው ገባት። ቀዮቹ በትክክል ፊት ናቸው፤ ቢጫዎቹ ግን እርስ በርስ ተደበላልቀዋል። አሮጌው መደርደሪያ ቀርፋፋ ቢሆንም እኩል የሆኑትን ካገኛቸው ቦታ አያፈናቅልም ነበር። የእሷ ደግሞ ለፍጥነት ሲል ከሩቅ እያነሣ ይለዋውጣል። መመሪያ ሰነዱ ስለ እኩሎች አንድም ቃል ስለማይል፣ ያልተጻፈ ነገር አላፈረስኩም ብላ ነበር። የክሊኒኩን ፕሮግራም ስትሠራ ግን እሷው ራሷ ሳታውቀው ተደግፋበት ኖሯል። የመግቢያ ሰዓት እንኳ አልመዘገበችም፤ ዝርዝሩ ራሱ ይነግረኛል ብላ። አሁን ዝርዝሩ አንዴ ተበውዟል፤ ማን ማንን እንደቀደመ የሚናገር የለም።

«እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ሻርቫሪ አዳራሹ መሃል ቆማ፣ ተራውን ያፋለሰው የእሷ ሥራ እንጂ የእናቷ ጉቦ አለመሆኑን ተናገረች።

«ልጅ ለእናቷ መዋሸቷ ምን ይገርማል?» አለ ባለ ነጭ ቆቡ።

ይሄኔ ናሊኒ ከመስኮቷ ወጣች። ማንንም ሳታናግር ወደ ውጭ በር ሄደች። በሳንግሊ፣ ክሊኒክ ሳይከፈት የመጣ ሰው ጫማውን አውልቆ በሩ ላይ በሰልፍ ያስቀምጥና ራሱ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ጫማው ተራ ይይዝለታል። ዘግይቶ የመጣም ከጫፉ ይቀጥላል፤ የሰው ጫማ ገፍቶ የሚያልፍ ባለጌ ነው። የጫማው ሰልፍ ማንም ሳይነካው እንደነበረ ነበር።

«ይህ የተሰፋ ሸበጥ የማን ነው?» አለች ናሊኒ።

«የኔ ነው» አሉ ታራባይ። «የሰፋሁትም እኔው ነኝ።»

«ይምጡ፣ እርስዎ መጀመሪያ ነዎት። ይህ ሰማያዊውስ?»

እንዲህ እያለች ጫማ በጫማ ጠራቻቸው፤ ሻርቫሪም ተከትላ መዘገበች። ባለ ነጭ ቆቡ የራሱን ጫማ ከሰልፉ ጅራት አካባቢ ሲያገኘው ሰዉ ሳቀበት።

«እህቴ፣ አፍ እላፊ ተናገርኩ» አለ።

«ተራህ ይድረስና ትገባለህ» አለች ናሊኒ። «ይቅርታህንም ያኔ እቀበልልሃለሁ።»

ሻርቫሪ አሮጌውን እትም መልሳ ጫነች። ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብታ ኮሎምቦ ላለው ለሩዋን ደወለችለት። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚወስነው እሱ ነው።

«ሩዋን፣ መደርደሪያዬን አውጣልኝ።»

«ምን ነካሽ? ዓርብ ልትሞሸሪ ነው እኮ።»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ጫማው ጋ ስትደርስ ሳቀ።

«በቃ፣ የክሊኒኩን ፕሮግራም አስተካክይው። የመጡበትን ሰዓት ጨምሪበት፤ አንድ መስመር ነው።»

«አስተካክዬዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ለእኔ እናት ልጇ በስኩተር ደረሰችላት። ሌላ ቦታ መስኮት ላይ ለተቀመጠችው ማን ይደርስላታል? እኔ ሳላውቅ ከተደገፍኩበት፣ እንደኔ የተደገፈው ስንቱ ነው?»

«ሰነዱ እኮ ቃል አልገባም።»

«ሰነዱን ማን ያነበዋል? አንተስ አንብበኸዋል?»

«አንድ ጊዜ» አለ ሩዋን። «እሱንም ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፤ ሥራሽ ከወጣ ድምፅ መስጠቱም ይቀራል። ወደ ሚቀጥለው ዓመት ነው የሚሄደው» አላት።

አመማት። ስንት ቅዳሜና እሑድ የበላ ሥራ ነው፤ ለዘመድ ሁሉም ተወርቷል። «ይሂድ» አለች። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሳያፈናቅል የሚፈጥን ዘዴም ሳይኖር አይቀርም፤ እፈልገዋለሁ።»

«እንግዲያው ስለ እኩሎች ዝም ያለውን ያንን ሰነድ አንቺው አናግሪው። ግን አስቢበት፤ ቤተ መጻሕፍቱ አንዴ ቃል ከገባ ማንም አያፈርሰውም። ነገ በእጥፍ የሚፈጥን ነገር ብታገኚ እንኳ፣ ይህን ቃል የሚነካ ከሆነ ራሴ ነኝ የምመልስብሽ።»

«መልስብኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሰነዱን ከፍታ ከመደርደሪያው ስም ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኩል የሆኑ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ በመጡበት ቅደም ተከተል ይቆያሉ።»

አነበበችው። «አብዛኛውን ጊዜ» የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚወዱት የጓሮ በር ነው፤ የጨነቃቸው ቀን በእሱ ሾልከው ይወጣሉ። እሷም ነገ አንድ ፈጣን ዘዴ ብታገኝ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ሁለቱን ቃላት ሰረዘችና ላከችው።