የሰባተኛው ኮርስ ደንበኛ

ራት ልትበላ እኛ ጋ የመጣች ልጄ ስልኳን አይታ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ስታደርገው፣ ሰው ሞቷል ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ።

"ማነው? አትደብቂኝ!" አልኳት።

"ማንም አልሞተም፣ እማ። ኮርስ ጨመሩብን።"

አባቷ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አውቶቡስ ነጂ ነው። "ትንሽ ብትዘገዪ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው ብላ ትጠይቅሽ ነበር" ብሎ ሳቀ። እኔን "ሬዲዮ" ነው የሚለኝ፤ ያልደረሰ አደጋ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ካንቺ ነው እያለ። ይበል። እኔ ባላስታውሰው ጃንጥላውን አንድ ቀን ይዞ ወጥቶ አያውቅም።

ልጄ ኢንሹራንስ ቢሮ ረዳት ሆና ትሠራለች። ከሥራ በኋላ ደግሞ ለፋይናንስ ዕቅድ አማካሪነት ምስክር ወረቀት ትማራለች። ሙያው ሰውን ቁጭ አድርጎ፣ ልጆችህን በምን ታስተምራለህ፣ ብትታመም ምን ይውጥሃል፣ ስታረጅ በምን ትኖራለህ እያሉ መጠየቅ፣ ከዚያም ዕቅድ ማውጣት ነው። ስድስቱንም ኮርስ ጨርሳ ወረቀቱን ብቻ ስትጠብቅ ነው እንግዲህ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ማኅበር ሰባተኛ የጨመረው። የተግባር ኮርስ ይሉታል። ተማሪው ለአንድ እውነተኛ ቤተሰብ ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ገምጋሚዎች ፊት ቀርቦ ዕቅዱን በራሱ አነጋገር ያስረዳል። ተማሪው ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። ደንበኛው ማስረዳት ካቃተው የሚወድቀው ተማሪው ነው።

ቢሮዋ ደግሞ የአማካሪ ቦታ ተከፍቷል። አለቃዋ በዚህ ዙር ምስክር ወረቀቱን ካመጣሽ ያንቺ ነው፣ ካላመጣሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሏታል።

"በቃ ይጥሉሻል" አልኳት።

"እማ፣ ገና አልተመዘገብኩም እኮ!"

"ሳትመዘገቢ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

እሷ ግን ምንም አልመሰላት። "እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው። ስድስት ኮርስ ሙሉ አንድም ሰው ሳናናግር ስለ ሰው ተምረናል" ብላ ዳቦዋን መብላት ቀጠለች። እንዲህ ዓይነት ድፍረት ከማን እንደወረሰች አላውቅም። ከእኔ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ደንበኛ ፍለጋው ቀላል አልነበረም። አብሯት የሚሠራ ሰው እሺ ካለ በኋላ፣ ሚስቱም ደመወዙን እንደምታይ ሲሰማ በዚያው ቀረ። የተከራየችበት ቤት ባለቤት ከግብር ቢሮ የተላከች መስሏቸው በር ዘጉባት። መጨረሻ ላይ እኛ ቀረን። ደንቡ ዘመድ ይፈቅዳል፤ ተማሪው አብሯቸው የማይኖር ከሆነ። እሷ ደግሞ ከቤት ከወጣች ዓመት አልፏታል።

"አባትሽ ይሂድልሽ" አልኩ።

"እኔማ ከሄድኩ ገምጋሚዎቹን አሳፍሬ መናኸሪያ ነው የማወርዳቸው" አለ። ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የምሠራበት ክፍል ከቤቱ ፊት፣ መንገዱ ዳር ነው። ልጄ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ትጠይቀኛለች፤ እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ እመልሳለሁ።

"ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እየሠራሽ መኖር ነው የምትፈልጊው?"

"አንቺ የጻፍሽውን።"

"እማ፣ የምሬን ነው።"

"እኔም የምሬን ነው። ትክክለኛው መልስ የትኛው ነው?"

"ትክክለኛ መልስ የለውም።"

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ ሰው ነኝ። መልስ የሌለው ጥያቄ ለፈተና ቀርቦ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ "ይህ ክፍል መንገድ ዳር ስለሆነ ጥሩ ይከራያል። ስልሳ ሲሞላሽ መስፋት አቁመሽ ብታከራዩት ለጡረታ ይሆናችኋል፤ ይስማማሻል?" ስትለኝ፣ ይስማማኛል አልኳት። አይ ብላት ዕቅዱን እንደገና ልትጀምር ነው፤ ቀኑ ሊያልፍባት ነው፤ ቦታውን ሌላ ሊወስደው ነው። እዚያው ክር መርፌ ውስጥ እያስገባሁ ሥራ ፈት ሆና ስታረጅ ታየችኝ።

አባቷም ማታ ስትጠይቀው ለሁሉም እሺ አላት። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ማጥናት ነበር። ተማሪ ሳለሁ በቃል በመያዝ የሚያህለኝ አልነበረም። ዕቅዱን ከፔዳሉ ጋር እያስማማሁ ሸመደድኩት። ሲመሽ አባቷ ወረቀቱን ይዞ ይፈትነኛል። "አንቀጽ ሦስት! ወራጅ አለ?" እያለ ይጮኻል። አንዲት ቃል አልሳትኩም።

የግምገማው ቀን ልጄን ኮሪደር ላይ ትቻት ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውኃ ጆግ፣ አንዱ ጫፉ ወለል የሚጠርግ መጋረጃ። ገምጋሚዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፤ ሌላው ቀጭን ሰውዬ ቀና ሳይል ይጽፋል።

"አይጨነቁ፣ የምንፈትነው እርስዎን አይደለም" አለችኝ ሴትዮዋ።

ልጄን የምትፈትን ከሆነ ከዚህ በላይ ምን ያስጨንቃል? እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። አንቀጽ አንድን፣ ሁለትን፣ ሦስትን እንደ ውኃ አወረድኩት። ቀጭኑ ሰውዬ መጻፉን ትቶ ቀና አለ።

"ጎበዝ ነዎት። አሁን ደግሞ ይህንኑ ለጎረቤትዎ እንደሚያወሩ አድርገው ይንገሩን" አለች።

አንቀጾቹ የት እንደገቡ እንጃ። ውኃ ቀዱልኝ። ጎረቤቴን፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስትሰማኝ ለማየት ሞከርኩ።

"ይህንን ለጎረቤቴ አልነግራትም" አልኩ።

"ለምን?"

"ትስቅብኛላ። አንቺ መስፋት ልታቆሚ? ትለኛለች።"

"አያቆሙም ማለት ነው?"

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። አውቄዋለሁ። ሁለቱም ዓይናቸውን ጣሉብኝ፤ ልጄ በሩ ማዶ ናት። ዋሽቼ ልናገር ስል ግን የተከራየውን ክፍሌን፣ የሌላ ሰው ዕቃ ሞልቶት አየሁት።

"አላቆምም" አልኩ። "እኔ ቁጭ ስል ክፉ ክፉ ነው የሚታየኝ። ባሌ ከመንገድ ሲዘገይ ተገልብጧል እላለሁ። ያንን ሐሳብ ዝም የሚያሰኝልኝ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ብቻ ነው። ክፍሉን ካከራያችሁት እኔን የት ልታስቀምጡኝ ነው?"

"ለልጅዎ ነግረዋታል?"

"አልነገርኳትም። ጠይቃኛለች፤ እንዳይጥሏት ብዬ እሺ አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እባካችሁ በእሷ አታድርጉት።"

ሴትዮዋ ተነስታ በሩን ከፈተችና ልጄን ጠራቻት።

"ደንበኛሽ ዕቅዱን አልፈልገውም ብለዋል" አለቻት። "ሥራቸውን ማቆም አይፈልጉም። ምን ታደርጊያለሽ?"

ልጄ እኔን አየችኝ። ልታለቅስ ነው ወይ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበር ስባ ከገምጋሚዎቹ ፊት ሳይሆን ከእኔ ጎን ተቀመጠች፤ ዕቅዱን ገልብጣ በጀርባው በኩል ልትጽፍ እስክሪብቶ አወጣች።

"እሺ፣ ከዚህ እንነሳ። መኪናው ላይ ስትሠሪ የሚከብድሽ ምኑ ነው?"

"መስፋቱ አይከብደኝም። የጨርቁን ጥቅል ማንሳት ነው ወገቤን የሚቆርጠኝ።"

"የሚያነሳልሽ ሰው ብንቀጥር?"

"ጨርቄን ያቆሽሽብኛል።"

"እማ!"

"እጁን ከታጠበ ይሁን።"

ቀጭኑ ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ልጄ ቀና ሳትል ቀጠለች። ክፍሉን መሃል ላይ ከፍሎ ግማሹን ማከራየት ይቻላል ወይ አለች፤ በሩ በየትኛው ወገን እንደሚሆን ነገርኳት። በሳምንት ሦስት ቀን ብትሠሪስ አለች፤ አራት አልኳት። ዓይንሽ ቢደክምስ አለች። ይህኛውን ዘወትር የማስበው ስለሆነ መልሱ ነበረኝ፤ ያን ጊዜ መቁረጡን እኔ፣ መስፋቱን ሌላ ሰው። ሁሉንም ጻፈችው። ድምፄ እየጠነከረ መሄዱን የሰማሁት ጆጉን ከመሃላችን ገፋ ሳደርገው ነው።

"እስቲ ይበቃል" አለች ሴትዮዋ። መነጽሯን አውርዳ ወደ እኔ ዞረች። "አሁን ለጎረቤትዎ ይንገሯት።"

ነገርኳት። አንቀጽ የለ፣ ቁጥር የለ። ግማሹን እናከራያለን፣ በግማሹ እኔ እሠራለሁ፣ ዓይኔ ሲደክም ደግሞ መቁረጡን ብቻ እሠራለሁ። ያኔም ካቃተኝ ልጄ ትምጣና እንደገና ትጠይቀኝ፤ በዚያን ጊዜ ግን እውነቱን እነግራታለሁ አልኩ።

ሁለቱ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ሴትዮዋ ለልጄ፣ "በወረቀት ያመጣሽው ዕቅድ አያልፍም። አሁን የሠራሽውን በንጹሕ ጽፈሽ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት እስከ ዓርብ አስገቢ። ኮርሱን ግን አልፈሻል" አለቻት።

ኮሪደሩ ላይ ልጄ አቅፋኝ፣ "አስደንግጠሽ ገድለሽኝ ነበር" አለች።

"አልፈርምም" አልኳት።

"ምን?"

"አባትሽንም የጠየቅሽው እኔን እንደጠየቅሽኝ ነው። እሱም እሺ እሺ ሲልሽ ነበር። እንደገና ጠይቂው።"

ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። መናኸሪያው ይጮኻል።

"አለፍሽ ወይ?" አለ ገና ሳንናገር።

"አልፌያለሁ። አባዬ፣ ጡረታ ስትወጣ ምን ማድረግ ነው የምትፈልገው? እውነቱን ንገረኝ።"

"ተሳፋሪ መሆን" አለ። "ሌላ ሰው ይንዳ። እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ለቅቄ ልተኛ። እናትሽ መስኮቱ ጋ ትቀመጥና ፍሬኑ እንዴት እንደሚበጠስ ትንገረኝ።"

ልጄ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ "ጉዞ፣ ለሁለት ሰው፣ በየወሩ" ብላ ጻፈች።

"በየወሩ ይሁን" አልኳት እስክሪብቶውን ልቀበላት እጄን እየዘረጋሁ። "ግን ቅዳሜ ሥራ አለኝ። እሑድ ብለሽ ጻፊው።"