ከሙቀጫ የወጣ ዘፈን

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንቺም ከፀሐዩ ወጥተሽ ወደ ማንጎው ጥላ ግቢ፤ ወሬዬ ረጅም ባይሆንም ቆመው የሚሰሙት አይደለም። በትምህርት ቤት የምትዘፍኗት የዶሮዋ ዘፈን አለች አይደል? የማወራችሁ የእሷን ነገር ነው።

እናንተ በወፍጮ ዱቄት ስላደጋችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ድሮ ሴት ዘነዘና ይዛ በቆሎ ስትወቅጥ የምትዘፍነውን ማንም አይቆጣውም ነበር። ባሏን ሰነፍ ትበለው፣ አማቷን ትሸንቁጥ፣ የመንደሩን ሹም በሆዳምነቱ ታንሳው፤ የተነካው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ ያልፋል። ዘነዘናው ካረፈ በኋላ «ቅድም ምን አልሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ቃሉን አንስቶ ሌላ ቦታ መውሰድማ ከነውርም ይብሳል። የሙቀጫ ነገር እዚያው ሙቀጫው ዘንድ ይቀራል።

መምህር ጃይሎሲ የዚህ መንደር ተወላጅ አልነበረም። እንደ ወጋችን ሚስቱን ናሲቤኮን ተከትሎ መጥቶ፣ ከዘመዶቿ መሀል ጎጆ ቀለሰ። ዘፈን ሲያስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ዶ ሬ ሚ እያለ ስለሚጽፍ ሴቶቹ «ዶሬሚ» አሉት። ከሁሉም በላይ የምትቀልድበት የሚስቱ ታላቅ እህት እነሌሲ ነበረች።

«ዶሬሚ! ዛሬስ የሰው ልጆች ምን አብልተህ ሰደድካቸው?»

«ሶል እና ፋ ነው እትዬ።»

«ታዲያ እሱ በንሲማ ገንፎ ነው የሚበላው ወይስ ባዶውን?»

ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል። ይወዳት ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ይወዳት ነበር።

ያ ዘመን የአገሩ መሪ ለዕድሜ ልክ የተሾሙበት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ወደ እኛ ወረዳ ሲመጡ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዘፈን ይዞ ይቀርባል፤ ዘፈኑ ግን አስቀድሞ በፓርቲው ኮሚቴ ይመረመራል። ውዳሴ ያልሆነ ነገር ለልጆች አይሰጥም። የጃይሎሲ ዘፈኖች በዚያ ዓመት አንድ በአንድ ወደቁ። የዝናቡ ዘፈን ወደቀ፤ «በእርሳቸው ዘመን ድርቅ ነበረ ልትል ነው?» ተባለ። የአንበሳው ዘፈን ወደቀ፤ «በዚህ አገር አንበሳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዛፍ ላይ አይወጣም» ተባለ። ዘፈን ያላስጸደቀ መምህር ደግሞ ክፍሉን ለሌላ እንደሚያስረክብ ሁሉም ያውቃል።

እንዲህ ተጨንቆ ወደ ቤቱ ሲገባ ነው እነሌሲን የሰማት። ከጎረቤቷ ጋር በአንድ ሙቀጫ ዘነዘናቸውን እያፈራረቁ ይወቅጣሉ፤ እሷ ታወጣለች፣ ጎረቤቷ ትቀበላለች።

ዶሮዬን ወሰዱ እንቁላል እንዳቀፈች፣
ለጌታው ድግስ ነው፣ ለእኛ መች ተረፈች።
ፈገግ በሉ አሉን ሲመጣ በመኪና፣
ሆድ ነው ባዶ እንጂ ጥርስማ መች ጠፋና።

የፓርቲው ወጣቶች ለመሪው ስጦታ እያሉ በየጓሮው ዶሮ የሰበሰቡት በዚያው ሳምንት ነበር። ጃይሎሲ ግን ቃሉን አይደለም የሰማው፤ ዜማውን ነው። እንዲህ ያለ ዜማ ከሰሌዳው ላይ ወጥቶለት አያውቅም። ገብቶ ቃሉን ለወጠው፦

ዶሮዬን ሰጠሁኝ ደስ እያለኝ በጣም፣
ያለ እርሳቸው ፍቅር ጫጩትም አይመጣም።

ኮሚቴው ፊት ልጆቹ ሲዘፍኑት ሊቀ መንበሩ አቶ ካዴዌሬ በእግራቸው መሬቱን እየመቱ ሰሙ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሻይ በዳቦ አስመጡለት።

«ዜማው ያንተ ነው?»

«የለም ጌታዬ። ከሙቀጫ ላይ አንስቼ አጠብኩት እንጂ።»

«ሳይታጠብ ምን ይል ነበር?»

ጃይሎሲ ሳቀ። ከብዙ ተግሳጽ በኋላ የተመሰገነ ሰው ምላሱ ይላላል፣ ልጆቼ። ያጠበው ምን ያህል የቆሸሸ እንደነበረ ባሳያቸው እጥበቱ የሚደነቅለት መሰለው። ዘፈነላቸው። ስለ ጥርሱ ሲደርስ ካዴዌሬ እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ።

«ይህቺ ሴት መቼም አፍ አላት! ማን ናት?»

«የሚስቴ እህት እነሌሲ ናት። ምላሷ ምላጭ ነው።»

እንደ ኩራት አድርጎ ነው የተናገረው። የሙቀጫው ሕግ ዘፈኑን ተከትሎ እዚያ ቢሮ ድረስ የመጣ መስሎት ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሙቀጫ አልነበረም።

እነሌሲን የወሰዷት ቀይ ሸሚዝ የለበሱት የፓርቲው ወጣቶች ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ዱቄቱ እጇ ላይ እንዳለ። ናሲቤኮ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ማን ነው የሙቀጫ ቃል ያወጣ? እኔ እንጃ ጃይሎሲ፣ የትኛዋ ጎረቤት ናት እንዲህ የጨከነችብን?»

«እኔ እንጃ» አላት እሱም። ሦስት ጎረቤቶች በዚያ ጥርጣሬ ከናሲቤኮ ጋር ተኳርፈው ኖሩ። እሱ በየቀኑ እያያቸው ያልፍ ነበር።

እነሌሲ አንድ ዝናብ አልፎ ሌላው ሲጀምር ከእስር ተመለሰች። ከስታለች። ማንንም ምንም አልጠየቀችም። ሙቀጫዋን ግን ከግድግዳው ሥር ደፋችውና ዶሮዎች ይሰፍሩበት ጀመር። በቆሎዋን በራሷ ተሸክማ ገበያው ዘንድ ወዳለው ወፍጮ ትሄዳለች። «ምነው?» ሲሏት «ክንዴ ደከመ» ትላለች። ዶሬሚ የሚለውን ስም ዳግመኛ ከአፏ አልሰማውም። «መምህር» አለችው፤ ያም ከስድብ በላይ አቃጠለው።

የታጠበው ዘፈን ግን እግር አወጣ። በየትምህርት ቤቱ ገባ። ጃይሎሲም የሴቶችን ዘፈን እንዴት እንደሚያጥቡ ሌሎችን መምህራን እንዲያሳይ ተመደበ፤ ሄደ፣ አሳየ፣ እጁም ለመደ። ከሥራ ሲመለስ የእነሌሲ የልጅ ልጆች «ዶሮዬን ሰጠሁኝ ደስ እያለኝ በጣም» እያሉ በደጇ ሲያልፉ ያያል። እሷ ባቄላ ትለቅማለች። ቀና አትልም።

ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ። መሪው በምርጫ ወረዱ። ጃይሎሲ ጡረታ ከወጣ በኋላ የትምህርት ቤቱ አዲሷ ዳይሬክተር ቤቱ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ የጥንቱን የሴቶቹን ዘፈን እንደ ነበረ ይማሩ፤ ያስተምሩልን» አለችው። እሺ ብሎ ሄደ። ሰሌዳው ላይ ዶ ሬ ሚውን ጻፈ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዶሮዬን ወሰዱ እንቁላል እንዳቀፈች» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ጋሼ ተሳሳቱ! ሰጠሁኝ ነው!»

«እርጅና ነው፣ ተዋቸው» አለች አንዷ።

ጠመኔውን አስቀመጠ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እነሌሲ ደጅ ነው የሄደው። በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«እትዬ፣ የዶሮዋን ዘፈን ከነቃሉ ለልጆቹ ስጪልኝ።»

«የቱን ቃል?»

«የራስሽን።»

«የለኝም» አለች። «በእንቅልፌ እንዳልዘፍነው ፈርቼ፣ እዚያ ቤት ሳለሁ ጣልኩት። አሁን የማውቀው የልጆቹን ነው፤ ያንተን።»

ከእሷ የጠፋው ቃል እሱ ዘንድ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። 

«ከሙቀጫው ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ካዴዌሬ ፊት የዘፈንኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ዜማዬን ማን እንደወሰደ ልጆቹ በየቀኑ ሲነግሩኝ አልኖሩም? አንተ እስክትመጣ ስጠብቅ፣ እርጅና ቀድሞህ መጣ።»

በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተች።

«በል ያንን ገልብጠው።»

ዶሮዎቹን አባሮ ሙቀጫውን አቆመ፣ አጠበ። በቆሎ ጨመረችበት። ዘነዘናውን ሲያነሳ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ አይታ የማታውቅ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ ጮኸች፦ «ኑ እዩ ጉድ! ዶሬሚ ሚስት ሆነ!» ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ናሲቤኮም መጣች። ከጎረቤቶቿ ጋር ያኳረፋት ማን እንደሆነ ዛሬ ልትሰማ ነው።

«ከዚህ ያወጣኸውን እዚሁ መልሰው» አለች እነሌሲ።

ወቀጠ፤ ዘፈነ። ዶሮዋን ዘፈነ፣ ጥርሱንም ዘፈነ፤ ድምፁ ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጀምር እነሌሲ ተነስታ ሌላ ዘነዘና ያዘች፤ ክንዷ አልደከመም ነበር። ከእሱ ጋር እያፈራረቀች ትንሽ ወቀጠችና አዲስ ቃል አወጣች፦

አማቻችን መጣ፣ ከሙቀጫዬ በላ፣
አፉን ጠራርጎ ነው የነገረው ኋላ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። የናሲቤኮ ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ። ጃይሎሲ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ዘነዘናው ሲያርፍ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ እነሌሲ አየችው። ካረፈ በኋላ አይወራም። ዋጠው።

እሷ ዱቄቱን በሰፌድ እያበጠረች፣ «ሂድ አስተምራቸው» አለችው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንዱን ከተውክ ደግመህ አጠብከው ማለት ነው።»

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሁሉንም አስተማረ። የገዛ የልጅ ልጆቹ ከፊት ተቀምጠዋል። አንዷ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ አማቹ ማን ነው?»

ጠመኔውን በጣቶቹ መሀል አሸው።

«እኔ ነኝ» አላቸው። «በሉ፣ ከመጀመሪያው እንደገና።»

ሁለቱም ዛሬ ከአፈር በታች ናቸው። ይቅር ብላው እንደሆነ አልነገረችንም፤ እሱም አልጠየቀም። እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው «ዘፈኑ ረዝሟል፣ ሽማግሌም ያዋርዳል፣ የአማቹን ግጥም ተዉት» ይላችሁ ይሆናል። እባካችሁ አትተዉት። ደከመን ብትሉ እንኳ ቀስ ብላችሁ ያቺን ግጥም ጨምሩልኝ፤ አስታውሱልኝ።