የጌጤ የቁም ተዝካር

ጌጤ ከሆስፒታል ከተመለሰች ወዲህ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግራት። በደጇ የሚያልፈው ጎረቤት ሳቁን ከሩቅ ይቆርጠዋል። እሷ ግን አልሞተች። ደክሟታል እንጂ አልሞተች።

ነገሩ የመጣው ከእንቅርቷ ነው። ከልጅነቷ አብሯት የኖረ እንቅርት እያደረ ትንፋሽ ሲያሳጥራት፣ ደብረ ታቦር ሄዳ በቀዶ ሕክምና አስወጣችው። የወጣው ተመርምሮ ሲመጣ በውስጡ ምስር የምታክል ካንሰር ተገኘች። ኤደን የምትባለው ወጣት ሐኪም አስቀምጣ ነገረቻት። ትንሽ ናት፣ ከነእጢው ወጥታለች፣ የዚህ ዓይነቷ እንዲህ ትንሽ ሳለች የተገኘችበት ሰው አብዛኛው አርጅቶ በሌላ ነገር ነው የሚሞተው አለቻት። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የምትዋጥ ኪኒን አዘዘችላት፤ ዕድሜ ልክ ነው፣ አይቋረጥም። በየዓመቱም እየመጣች አንገቷን መታየት አለባት።

ታላቅ ወንድሟ ደምሴ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው «ካንሰር» የምትለዋን ብቻ ነው። በነሱ አገር ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርም። የሞተው ሰው መጀመሪያ «አሞታል» ይባላል፣ ቀጥሎ «ጠንቶበታል» ይባላል፣ እውነቱ የሚወጣው ለቀስተኛው ተሰብስቦ ደጅ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ ደህና ናቸው ባለች ቁጥር ደምሴ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ይቺ ልጅ ጨዋ ያሳደጋት ናት አለ በልቡ።

እንደተመለሱ የንስሐ አባቷን አማከረና የቁም ተዝካር ልደግስላት ነው አለ። ጌጤ ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ከሞተች በኋላ ለነፍሷ የሚያበላላት ስለማይኖር ዓይኗ እያየ ይደገስላት፣ ነው ነገሩ። ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ጌሾው ተወቀጠ፣ ብቅሉ ደረቀ። የሚታረደው የሷው በሬ ነው።

ያ በሬ አንድ ነው ያላት። ከደምሴ በሬ ጋር ተቀናጅቶ የሁለቱንም መሬት ያርሳል። እሱ ከታረደ መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጥታ ግማሽ እህል ስትጠብቅ መኖሯ ነው። የደምሴም በሬ ጥማዱን ያጣል፤ ግን ለእህቱ ነፍስ ብሎ ጨክኗል። ለጥቅሙ ቢያደርገው ኖሮ ተጣልታው ይወጣላት ነበር።

በሬዬን አትንኩብኝ አለችው። እሺ እህቴ አላት፣ ለታመመ ልጅ እንደሚባለው፣ ድግሱም ቀጠለ። ለጠያቂው ሁሉ ድኛለሁ እኮ ስትል አፏ ዛለ። እግዜር ይማርሽ ይሏታል። ጠዋት ጠዋት እግሯ አልነሳ ሲላት፣ ምናልባት ሐኪሞቹ እኔንም እየሸነገሉኝ ይሆን ማለት ጀመረች። ይኸ ነው የባሰባት።

የድግሱ ሳምንት ሲደርስ ደምሴን፣ አንዴ ብቻ ሆስፒታል አብረውኝ ይምጡ፣ ከዚያ በሬውን እረዱት አለችው። የሚሞት ሰው የለመነውን አይከለከልምና እሺ አለ። በሚኒባስ ሄዱ።

ሐኪሟ ፊት እንደተቀመጡ ጌጤ ቀደመች።

«ልጄ፣ ለኔ አትንገሪኝ፤ ሰልችቶኛል። ለሳቸው ንገሪልኝ። ክፉ ክፉውን ንገሪያቸው።»

ኤደን አንዴ እሷን፣ አንዴ ደምሴን አየች።

«ክፉው አለ» አለች። «በጥቂት ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ አንገት ላይ ይመለሳል። ከተመለሰ ዳግመኛ በቀዶ ይወጣል። ኪኒኑን ከተዉት ሰውነታቸው ይከብዳል፣ ብርድ አይለቃቸውም። አሁን የደከሙትም መጠኑ ገና ስላልተስተካከለ ነው፤ ዛሬ ደም ወስደን እናየዋለን። በየዓመቱ መመላለስ አለ። የማያልቅ ጣጣ ነው።»

ደምሴ ከሆስፒታል ደጅ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ታዲያ የምትሞተው መቼ ነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም ጋሼ። በዚህች በሽታ ግን አይመስለኝም። እንዲያውም እርስዎ ሳይቀድሟቸው አይቀሩም።»

ደምሴ ኮፍያውን አወለቀ። ሲያጽናኑ እንዲህ አይባልም፤ ጨዋ ያሳደጋት ልጅ ሽማግሌን በቁሙ ትሞታለህ የምትለው እውነት ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ደሙ ተወስዶ የኪኒኑ መጠን እስኪስተካከል ድረስ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

ደጅ ወጥተው ግንቡ ጥግ ተቀመጡ።

«ስንቱን ሰው ጠርቻለሁ» አለ። «ምን ልበል አሁን?»

«አልሞት አለች በሏቸው።»

ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ጠላው ይጠመቅና ጎረቤት ይጠጣው፣ ለቤተ ክርስቲያኑም የተወሰነ ይሂድ፣ በሬው ግን ይቆይ አለ። ጌጤ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። በሬዋ ተርፎላታል፣ መሬቷም አልሄደባትም። የመጣላት ግን አረሙ፣ አጨዳው፣ ያ ሁሉ ጠዋት፣ ኪኒኗ፣ እየመሸባት የምትሳፈረው ሚኒባስ ነው። ከእንግዲህ ታማለች ብሎ የሚያርምላት ሰውም አይኖር። ይኸን ሁሉ ታግላ ያመጣችው ራሷ ናት።

«ሰኞ በሬዎቹን ጠምጄ ያንቺን ማሳ አስቀድማለሁ» አላት።

«ሰኞ ይሁን» አለች፣ ራሷን ግንቡ ላይ አስደግፋ። «አሁን ግን ትንሽ ልቀመጥበት። መኪናውም ገና አልሞላ።»