የእናቱ የልብ ምት

የእንስሳት ሐኪሙ የእናቱን ልብ ያዳመጠው ከሥራ እንደገባ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ነበር። ራቡ ሞርሙሮታል።

"ልቤ ዛሬም ድው ድው አለብኝ፤ ያንን የውሾችህን ማዳመጫ እስቲ ለእኔም ሞክርልኝ" አለችው ከምድጃው አጠገብ ቆማ።

ሞከረላት። ምቱ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ የቀረ ይመስላል። እሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሲሰማ ነው የሚውለው፤ ጤነኛ ውሻ አየር ሲስብ ልቡ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ረጋ ይላል። ጆሮው ስለለመደው አልደነገጠም።

"ምንም የለብሽም እማዬ። ይልቅ ምን ሠራሽልን?"

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ መርምሮኛል" እያለች ስትኩራራ ከረመች። ሴት ልጇ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብትላትም "ልጄ እያለ ምን በወጣኝ!" ብላ እምቢ አለች።

አሁን ግማሽ ፊቷ ተጣሞ፣ ግራ እጇ አልታዘዝ ብሏት ሆስፒታል ተኝታለች። ዶክተሩ ለእህቱ ያስረዳል። "ልብ አራት ክፍል አለው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የእሳቸው የላዮቹ በወጉ መምታት ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ደሙ እዚያው ይረጋል። የረጋው ደም ሄዶ ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ዘጋ።"

ለእንስሳት ሐኪሙማ ምን ይነገረዋል! የበሬ ልብ፣ የፈረስ ልብ በቢላዋ ከፍቶ ያየ የተማረ ሰው ነው። የውሻ ምት ቢዛባም ትንፋሹን ተከትሎ ነው፤ የእናቱ ግን ምንም አልተከተለም። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አንዴ ልብ ብሎ ቢያይ ይገባው ነበር። እሱ ያን ጊዜ የሚያየው ድስቱን ነበር። ይህ ትዝ ባለው ቁጥር በራሱ ያፍራል።

"ከዚህ በፊት ልባቸውን ያዳመጠ ሰው አለ?" ዶክተሩ ጠየቀ።

እህቱ ዞር ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን ወደ እናቱ አሸሸ።

እናቱ በደህናው እጇ እጅጌውን ጨብጣ፣ በተጣመመ አፏ "የለም" አለች። "ማንም... አላየኝም።"

ስትዋሽ ሰምቷት አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"እኔ አዳምጫታለሁ፣ ዶክተር" አለ። "ሰምቼው ነበር። ምንም የለብሽም ያልኳት እኔ ነኝ።"

እህቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እናቱ ግን እጅጌውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

"ምሳ ሳትበላ ነው አይደል... የመጣኸው?" አለችው።