ለቁራ የተሰፋ ኮት

ልጄን ሊያገባ የመጣው ሰው መምህር ነው ይባላል። እኔ የማውቀው ግን ጓሮዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ተጎልቶ ቁራ ሲያይ ነው። ስሙን ለመጥራት ምላሴን አላደከምኩም፤ «ወፍ ጠባቂው» አልኩት፣ በቃ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ኦቾሎኒ በክር አስሮ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥልና ደብተሩን ይዘረጋል። ቁራዋ ክሩን በአፏ ሳብ፣ በእግሯ ረገጥ፣ ደግሞ ሳብ እያደረገች ኦቾሎኒውን ስታወጣ፣ ሎተሪ የወጣለት ይመስል ብድግ ይላል።

«አባባ፣ አዩልኝ? አሰበች እኮ!»

«እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ክር ስጎትት ኖሬአለሁ፤ አሰበ ያለኝ የለም» አልኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ።

ልጄ ሳቀች። የሳቀችው ግን እሱን እያየች ነው፤ ያ ነው ያንገበገበኝ።

እናቷ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር። ዩኒፎርሟን የሰፋሁላት፣ ጸጉሯን ሳይቀር የጎነጎንኩላት እኔ ነኝ። አሁን ይሄ ሰው ሌላ ከተማ ሊወስዳት ነው። «አባዬ፣ አንተ ካልፈቀድክ አልሄድም» ብላኛለች። እምቢ እንዳልል ምክንያት የለኝም፤ እሺ እንዳልል አንጀቴ አልቆርጥ አለ። የሚሻለው እሱ ራሱ እግሬ አውጪኝ ቢል ነበር።

አንድ ቀን ወፍ ጠባቂው፣ «ቁራ የበደላትን ሰው ለይታ ታውቃለች፤ ጎጆዋን የነካ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር አናቱን ትለዋለች» አለ። በልቤ ሳቅሁ። መልእክት ተልካ በዚያው የቀረች ፍጥረት ሰው ልትለይ! ትለይ ቢባል እንኳ በምኑ? በልብሱ ነዋ! ጥሩ ኮት የለበሰ ሌባ «ጌታዬ» ሲባል፣ አንገትጌው የተበላ ዳኛ በዘበኛ ሲገፈተር በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው እንዲህ ከሆነ ቁራ ምን ልታደርግ!

ሁልጊዜ የሚለብሳትን ቡናማ ኮት የሰፋሁለት እኔው ነኝ፤ ደስ ሊያሰኘኝ አዞኝ። ጨርቁ ተርፎኝ ስለነበር በራሴ ልክ አንድ ደገምኩ። ሰኞ ልጄ ሥራ ስትሄድ ለበስኩት፤ መሰላል ዛፉ ላይ አስደግፌ ወጣሁና ጫፉ ላይ ያለውን የቁራዎቹን ጎጆ በዱላ አፈረስኩት። ሁለት እንቁላል ነበረበት። ቁራዎቹ ጩኸታቸውን ሲያቀልጡት ፊቴን ቀና አድርጌ፣ «ኮቱን እዩት! ደህና አድርጋችሁ እዩት!» አልኳቸው። ዞሬ ጀርባውንም አሳየኋቸው።

ሳምንቱን ጓሮ ሳልወጣ ስሰፋ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ኮቱን ለብሶ መጣ። እኔ በነጭ ሸሚዝ በሩ ላይ ቆሜ ትርኢቱን እጠብቃለሁ። ዛፉ ሥር ጎንበስ ብሎ የእንቁላል ቅርፊት አነሳ።

«ጎጆው ፈርሷል» አለ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ንፋስ ይሆናል» አልኩ።

ቁራዎቹ ቁልቁል አዩት፤ ዝም። አንዷ እንዲያውም አጠገቡ ወርዳ ኦቾሎኒ ለቀመች። ይቺ ደደብ! ተናድጄ ከበሩ ወጣሁ። ሦስት እርምጃ አልሄድኩም፤ መጀመሪያ ሁለቱ፣ ቀጥሎ አምስት ስድስት ሆነው አናቴ ላይ ሰፈሩ። ደሜ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ወፍ ጠባቂው ሮጦ ኮቱን አውልቆ ጭንቅላቴ ላይ ጣለና አቅፎ ቤት አስገባኝ።

ልጄ ቁስሌን በጥጥ እየጠረገች፣ «አባዬ፣ ምን አድርገሃቸው ነው?» አለችኝ።

ለሁሉ መልስ የማላጣው ሰውዬ ጭኔ ላይ ያለውን ኮት ቁልፍ መቁጠር ጀመርኩ። ወፍ ጠባቂው አየኝ፤ ገብቶታል።

«ምንም አላደረጉም። ጎጆውን ንፋስ ነው ያፈረሰው። ቁራም ትሳሳታለች» አላት።

ሊያድነኝ ነው! የሚያዝንልኝ እሱ ሆነ! ያ ሁሉ ትምህርት ግን መዋሸት አላስተማረውም፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል። ልጄ ጆሮውን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ፤ እኔ ሰውን ከላይ እስከ ታች እየለካሁ ሳይ የኖርኩበትን ዓይነት አስተያየት።

ጥጡን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲህ ፈቃድህን አልጠብቅም» አለችኝ፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።